ግድግዳው ሳይለሰን፦ አዲስ ቤት ለሚሠሩ አንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ቤት በመሥራት ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ከላኩልን ጥያቄዎች መካከል ለዚህ እትም የመረጥናቸው በአብዛኛው አንድን ጉዳይ የሚመለከቱ ናቸው፤ እርሱም ከልስንና ከሴራሚክ ሥር ተሸፍኖ የሚቀረው ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ የቤታችን የብሎኬት ሥራ አልቋል፤ ጣሪያውም ተመትቷል። የኤሌክትሪክና የቧንቧ መስመሮች እየተዘረጉ ሲሆን፣ ተቋራጩ በሚቀጥለው ሳምንት ልስን እንደሚጀምር ነግሮናል። እስከዚያ ድረስ እኛ ባለቤቶቹ ልናደርገው የሚገባ ነገር አለ? ወይስ ሥራውን ለባለሙያዎቹ ትተን ሴራሚክና ቀለም ብንመርጥ ይሻላል?

መልስ፦ ሴራሚኩም ቀለሙም ይቆዩ። ከግንባታው ጊዜ ሁሉ የባለቤት ዓይን በእጅጉ የሚያስፈልገው በዚህ ሳምንት ነው። ያልወደዳችሁት ቀለም በሌላ ቀለም ይሸፈናል፤ ያላማራችሁ መብራት በአንድ ቀን ይቀየራል፤ ከልስን ሥር የተቀበረ ቧንቧ ወይም ሽቦ ስህተት ሲገኝበት ግን ያለቀ ግድግዳ መፈልፈልና የተነጠፈ ሴራሚክ መስበር ግድ ይሆናል። ስለዚህ ገንዘብ ቢያጥራችሁ እንኳ ከሚታየው ቀንሳችሁ የማይታየውን እንድታሟሉ አጥብቄ እመክራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ጠመኔና ሜትር ይዛችሁ ክፍል በክፍል ዙሩ። አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ማቀዝቀዣውና የልብስ ማጠቢያው የሚቀመጡበትን ቦታ በልካቸው ወለሉ ላይ አስምሩ፤ ከዚያም የእያንዳንዱን ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ቦታ ከመስመሩ ጋር አስተያዩ። ሶኬቱ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ውሎ፣ ወይም በሩ ሲከፈት ማብሪያውን ጋርዶት የምታገኙት በዚህ ጊዜ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ በበሩ እጀታ በኩል፣ ከ110 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን ይመቻል። ልኬቱ የሚነሳው ግን ከባዶው ሶሌታ (ከኮንክሪቱ ወለል) ሳይሆን ሴራሚክ ከሚነጠፍበት የመጨረሻው ወለል ነው፤ ሙሌቱና ሴራሚኩ ሲጨመሩ ወለሉ በርካታ ሴንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል፣ ይህ ከተዘነጋ ሶኬቱ ሁሉ ዝቅ ብሎ ይቀራል። እንዲህ ያለውን መዛባት ለማስቀረት፣ ኤሌክትሪሺያኑም፣ ቧንቧ ሠራተኛውም፣ በር ገጣሚውም የሚለኩበት አንድ የጋራ መስመር ከመጨረሻው ወለል በ1 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሁሉም ግድግዳ በውኃ ልክ ተስተካክሎ እንዲሰመር አድርጉ።

የሽቦውን ውፍረት ሳትጠይቁ አትለፉ። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት ደግሞ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ በብዙ ቦታ የተለመደ ሲሆን፣ ምድጃና ውኃ ማሞቂያ እንደየኃይላቸው ከዚህ የወፈረ ሽቦ ሊፈልጉ ይችላሉ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው መስመርና ብሬከር ሊኖራቸው ይገባል። የብሬከር ዋና ተግባር ሽቦውን ከመጠን በላይ እንዳይሞቅ መጠበቅ ነው። በቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ብሬከር ከተገጠመ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው በግድግዳው ውስጥ ይግላል፤ እሳት ከሚነሳባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። የመሬት መስመሩ እያንዳንዱ ሶኬት ዘንድ መድረሱንም አረጋግጡ። ሾልኮ የሚወጣ ኤሌክትሪክ ሲያጋጥም በቅጽበት የሚያቋርጠውን የ30 ሚሊ አምፒር መከላከያ በተለይ ለመታጠቢያ ቤትና ለኩሽና አስገጥሙ። ይህ መሣሪያ የሰው ሕይወት የሚያተርፍ በመሆኑ ወጪ ለመቀነስ ተብሎ የሚተው አይደለም።

የውኃ ቧንቧው በግፊት መፈተን አለበት። መስመሩ በውኃ ተሞልቶ፣ አየሩ ወጥቶ፣ ጫፎቹ በሙሉ ተደፍነው፣ ወደፊት ከሚሠራበት ግፊት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሰጠዋል፤ መለኪያው የሚያሳየው ቁጥርም ይጻፋል። ከሰዓታት በኋላ ቁጥሩ ጉልህ ቅናሽ ካሳየ መገጣጠሚያዎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ከተቻለ ልስኑ በሚሠራበት ጊዜም መስመሩ ከነግፊቱ ይቆይ፤ ቧንቧ የሚበሳ ሚስማር ወይም መሮ ቢኖር መለኪያው ያንኑ ሰዓት ይናገራል። የፍሳሽ መስመር በበኩሉ በየ1 ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ማዘንበል ስለሚገባው ውኃ ልክ ተቀምጦበት ይታይ። ቧንቧ ለማሳለፍ ተብሎ ቤቱን የተሸከመ የኮንክሪት ምሰሶ (ኮለን) ወይም አግዳሚ (ቢም) ሲፈለፈል ካያችሁ ሥራውን አስቁሙና መሐንዲሱን ጥሩ።

በመጨረሻ የእያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶግራፍ አንሱ። ፎቶው በኋላ የሚጠቅመው ሜትሩ በግልጽ ሲታይበት ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ሜትሩን ከማዕዘኑ እስከ ቧንቧው ዘርግቶ ይያዝ። ከዓመታት በኋላ መጋረጃ ለመስቀል ግድግዳ ስትበሱ የት እንደማትነኩ ታውቃላችሁ።

ጥያቄ፦ የመታጠቢያ ቤታችን ወለልና ግድግዳ ጥራት ባለው ሴራሚክ ሊነጠፍ ነው። ሠራተኛው ሴራሚክ ራሱ ውኃ ስለማያስገባ ከሥሩ ውኃ መከላከያ መቀባት ትርፍ ወጪ ነው ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የሴራሚኩ ገጽ ውኃ አያሳልፍ ይሆናል፤ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው የሲሚንቶ ሙሊት ግን ውኃ ይመጥጣል፤ ጊዜ ሲቆጠርም በፀጉር ልክ ይሰነጠቃል። በዚያ የሚገባው ውኃ ወለሉ ሥር ይጠራቀምና ከወራት በኋላ በታችኛው ክፍል ኮርኒስ ላይ ቢጫ ሆኖ፣ ወይም በጎረቤት ክፍል ግድግዳ እግር ላይ የልስን ልጣጭ ሆኖ ይወጣል።

መከላከያው ከሴራሚኩ በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ ሁለተኛው የሚቀባው የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ ነው። ከወለሉ ወደ ግድግዳው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ሻወሩ ባለበት በኩል ደግሞ እስከ 2 ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ውኃ ከሁሉ ቀድሞ የሚያልፈው ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ማዕዘንና በፍሳሽ አፉ ዙሪያ በመሆኑ፣ በእነዚህ ቦታዎች ማጠናከሪያ ጨርቅ በቅቡ መካከል ይገባል። ከዚያ የፍሳሹ አፍ ይደፈንና ወለሉ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ ይተኛበት፤ የውኃውን ከፍታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ለ24 ሰዓት ጠብቃችሁም ምልክቱንና የታችኛውን ክፍል ጣሪያ ተመልከቱ። ሠራተኛው ይህን ፈተና ቢቃወም እንኳ አትለፉት፤ ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ጉድለቱን በዚህ ቀላል መንገድ ማግኘት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ባለ አንድ ፎቅ ቤት እየሠራሁ ነው። ታንከሩ ጣሪያ ላይ ስለሚቀመጥ ለሻወር በቂ ግፊት ይኖራል ተብያለሁ። ልተማመንበት?

መልስ፦ ስሌቱን ራስዎ ሊያደርጉት ይችላሉ። የውኃ ከፍታ 10 ሜትር ሲሆን የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው። ስለዚህ በታንከሩ ውስጥ ያለው ውኃ ከላይኛው ፎቅ የሻወር ራስ በ2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ የሚያገኙት ግፊት 0.2 ባር ነው፤ ይህ ደግሞ ለብዙ ዓይነት ሻወሮችና ግፊት ለሚፈልጉ የውኃ ማሞቂያዎች አይበቃም። ቧንቧውን ማወፈርና የቧንቧ መታጠፊያ (ክርን) መቀነስ በመንገድ ላይ የሚባክነውን ግፊት ያተርፋል እንጂ ከከፍታው የሚገኘውን አይጨምርም። ታንከሩን ከፍ ማድረግ መልካም ነው፤ ነገር ግን 2,000 ሊትር ውኃ 2 ቶን እንደሚመዝን አይርሱ፤ መቀመጫውን ያለ መሐንዲስ አያሠሩ። ከሁሉ የሚቀለው የግፊት ፓምፕ መትከል ነው። ፓምፑን አሁን ባይገዙት እንኳ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩንና የቧንቧ መገጣጠሚያውን ከአሁኑ ያዘጋጁለት።

ጥያቄ፦ ልስኑ ካለቀ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ሲነካ ግን ደርቋል። ቶሎ ለመግባት ስለምንፈልግ ቀለሙን ቀብተን የኩሽና ካቢኔውን እናስገጥም?

መልስ፦ ጥቂት ታገሡ። የሲሚንቶ ልስን ከላይ ሲደርቅ ውስጡ እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ አዲስነቱም የኬሚካል ጠባዩን ለቀለም አስቸጋሪ ያደርገዋል። በተለይ የዘይት ቀለም በአዲስ ሲሚንቶ ላይ ሲቀባ ይበላሻል፤ የውኃ ቀለምም ቢሆን ሊያብጥና ሊላጥ ይችላል። 4 ሳምንት ያህል መጠበቅ የተለመደ ሲሆን፣ በቅዝቃዜና በዝናብ ወቅት ከዚያም ይረዝማል። ለማረጋገጥ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ጠርዙን በሙሉ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ እስከ ማግስቱ ተዉት፤ ከውስጥ በኩል ጤዛ ከያዘ ግድግዳው ገና ነው። ካቢኔውንም ሆነ የእንጨት ወለሉን እርጥብ ሥራ ሁሉ ሳያልቅ ወደ ቤት አታስገቡ፤ እንጨት የቤቱን እርጥበት ይመጥጥና ያብጣል፤ ቤቱ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። የካቢኔው ልኬት የሚወሰደውም በሥዕሉ ሳይሆን ልስኑና ሴራሚኩ ካለቁ በኋላ በቦታው ነው። እስከዚያ መስኮቶቹ ተከፍተው ይዋሉ።

ጥያቄ፦ ሴራሚክ ስንገዛ ምን ያህል ትርፍ እንያዝ?

መልስ፦ ቀጥ ተደርጎ ለሚነጠፍ 10 በመቶ፣ በሰያፍ ለሚነጠፍ 15 በመቶ ያህል ያዙ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዙ፤ በየካርቶኑ ላይ የታተመው የምርትና የቀለም ቁጥርም አንድ ዓይነት መሆኑን ሳይራገፍ በፊት አረጋግጡ። ሞዴሉ አንድ ሆኖ ቁጥሩ የተለያየ ሴራሚክ በቀለም ደረጃው፣ አንዳንዴም በመጠኑ ይለያያል። አንድ ካርቶን ደግሞ ሳይከፈት ከነቁጥሩ ይቀመጥ፤ ወደፊት አንድ ሲሰበር ያንኑ ቀለም ከገበያ ላታገኙት ትችላላችሁ።