መልስ፦ አዲሱን ባትማን ከየት ልጀምር?
የቀድሞዎቹን ቅጾች ሳያነቡ ከአዲሶቹ የባትማን ኮሚኮች የትኛውን ቢጀምሩ እንደሚሻል ለጠየቁት፣ ያለ ማመንታት የምመክርዎ የኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) አሳታሚው ዲሲ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የሚያወጣውን፣ ስኮት ስናይደር የጻፈውንና ኒክ ድራጎታ የሣለውን «አብሶሉት ባትማን» ነው። ታሪኩ ከሀ ስለሚጀምር አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር የለም። ባትማን የሚሆነው ብሩስ ዌይን እዚህ የሀብታም ወራሽ ሳይሆን የመምህር ልጅ ነው፤ እናቱ በሕይወት አለች፤ ደረቱ ላይ ያለው የሌሊት ወፍ ምልክት ደግሞ ተነቅሎ መጥረቢያ ይሆናል። ሀብቱ ስለሌለ በጉልበቱና በብልሃቱ ብቻ መቆም ግድ ስለሚሆንበት፣ እያንዳንዱ ውጊያ ከልብ ያሰጋል፤ እኔን የማረከኝም ይኸው ነው። በዚያው ወር የጀመረውን፣ ጀግናዋ በሲኦል በጠንቋይዋ ሰርሲ እጅ ያደገችበትን «አብሶሉት ዎንደር ዉማን»ንም እንዳያልፉት። በየወሩ አንድ ክፍል መጠበቅ ከከበደዎት፣ የባትማንን የመጀመሪያ 6 ክፍሎች የያዘውን ጥራዝ ይግዙ።