ለልብ ንቅለ ተከላ ሆስፒታል ስንመርጥ የትኛውን አኀዝ እንይ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በጽኑ የልብ ድካም ስለታመሙ ሐኪሞች የልብ ንቅለ ተከላ እንደሚያስፈልጋቸው ነግረውናል። የምንኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ከሁለት ሆስፒታሎች በአንደኛው ንቅለ ተከላ ካገኙት ውስጥ አንድ ዓመት የሚኖሩት በጥቂቱ ስለሚበልጡ ወደዚያ ለመሄድ አስበናል። ምርጫችን ትክክል ነው?

መልስ፦ ያዩት አኀዝ የሚናገረው ልብ ስላገኙ ታካሚዎች ብቻ ነው፤ ተራ ሲጠብቁ ስለሞቱት ወይም ሕመሙ ስለጠናባቸው ከዝርዝሩ ስለወጡት ምንም አይነግርዎትም። በአሜሪካ ልብ ከተተካላቸው አዋቂዎች 90 ከመቶ ያህሉ የመጀመሪያውን ዓመት ስለሚያልፉ፣ በአብዛኞቹ ሆስፒታሎች መካከል በዚህ በኩል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው፤ ጥቂት ታካሚዎች ባሉት ሆስፒታል ደግሞ የሁለት ሰዎች ሞት እንኳን አኀዙን ይለውጠዋል።

ሰፊው ልዩነት ያለው ልቡን በማግኘት ላይ ነው። ከጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዋቂ ታካሚዎች እንደ ሕመማቸው ክብደት በስድስት ደረጃዎች ይመደባሉ፤ ልብ ሲገኝም ደረጃው፣ የደም ዓይነቱ፣ የሰውነት መጠኑና ርቀቱ ተገናዝቦ ለሆስፒታሉ ይቀርባል። የቀረበውን ልብ መቀበል ወይም መመለስ ግን የሆስፒታሉ ሐኪሞች ውሳኔ ስለሆነ፣ አንዱ ቡድን የለጋሹ ዕድሜ ወይም የጉዞው ርዝመት አስግቶት የመለሰውን ልብ ሌላው ቡድን ተቀብሎ ይተክለዋል። መመለሱ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሲበዛ ግን የሚጎዳው ተራ ጠባቂው ነው። የልብ ምታቸው በመቆሙ ከሞቱ ለጋሾች የሚገኝን ልብ የሚጠቀሙና የማይጠቀሙ ሆስፒታሎችም አሉ።

የአሜሪካ የንቅለ ተከላ ተቀባዮች ሳይንሳዊ መዝገብ የየሆስፒታሉን ውጤት በየስድስት ወሩ በድረ ገጹ በነጻ ያወጣል። እኔ ብሆን በመጀመሪያ የማየው ታካሚዎች ምን ያህል ፈጥነው ልብ እንደሚያገኙ፣ ቀጥሎም በጥበቃ ላይ የሚሞቱትን ነው፤ የአንዱን ዓመት አኀዝ መጨረሻ ላይ አየዋለሁ። ከዚያም ሆስፒታሉን፣ የባለቤትዎ የደም ዓይነትና የሰውነት መጠን ላላቸው ሕሙማን ከቀረቡለት ልቦች ምን ያህሉን እንደመለሰ ይጠይቁ፤ በተለይ የደም ዓይነታቸው ኦ ከሆነ ጥበቃው ብዙ ጊዜ ስለሚረዝም ጥያቄው ይበልጥ ያስፈልጋል።

በሁለት ሆስፒታሎች መመዝገብ ይፈቀዳል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ሆስፒታል መቀበል አለመቀበሉን ራሱ ይወስናል፣ ኢንሹራንስዎም የሁለተኛውን ምርመራ ላይሸፍን ስለሚችል አስቀድመው በጽሑፍ ያረጋግጡ። ሩቅ ሆስፒታል ከመረጡ ደግሞ፣ ልብ ሲገኝ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መድረስ እንደሚጠበቅባችሁና በመጀመሪያው ዓመት ክትትሉ ተደጋጋሚ እንደሆነ አስባችሁ ማረፊያና አስታማሚ ከወዲሁ አዘጋጁ።