ልብ ወለዱን ከማቃጠልሽ በፊት

ጥያቄ፦ ልብ ወለድ ማንበብ እወዳለሁ። አንዲት ጓደኛዬ ግን ዓለማዊ መጽሐፍ ማንበብ ከክፉ ባልንጀራ ጋር እንደ መዋል ነው ብላ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥33ን ጠቀሰችልኝ፤ ያሉኝን መጻሕፍት እንዳቃጥልም መከረችኝ። እኔም በማነባቸው ታሪኮች ውስጥ ባሉ የስድብ ቃላት ታናሽ ወንድሜን በቀልድ መጥራት ለምጃለሁ። ማንበቤ ኃጢአት ነውን? መጻሕፍቱንስ ምን ላድርጋቸው?

መልስ፦ ልጄ ሆይ፣ ጓደኛሽ ስለ ነፍስሽ ማሰቧ ያስመሰግናታል፤ የጠቀሰችው ቃል የመጣበትን መንገድ ብታውቅ ግን ለዚህ ጉዳይ ባልመረጠችው ነበር። «አትሳቱ፤ ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን አመል ያጠፋል» የሚለው አባባል፣ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ እንደሚናገሩት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት በአቴና ከኖረው ከሜናንድሮስ ተውኔት የተወሰደ ነው፤ ያውም ለሳቅ ተብሎ ከተጻፈ ተውኔት። ቅዱስ ጳውሎስ የአረማዊ ደራሲ ቃል አልተጸየፈም፤ ስለ ትንሣኤ ሙታን በሚያስተምርበት ምዕራፍ መካከል አስገባው። በአቴና በሚገኘው በአርዮስፋጎስም ቆሞ ሲሰብክ «እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነንና» የሚለውን ከግሪክ ባለቅኔዎች ጠቅሶ ሰሚዎቹን ወደ ሕያው እግዚአብሔር መራቸው (የሐዋ. 17፥28)።

በኤፌሶን መጻሕፍት መቃጠላቸው፣ ዋጋቸውም ተሰልቶ 50,000 ብር መሆኑ እውነት ነው (የሐዋ. 19፥19)። ያቃጠሉት ግን አስማተኞቹ ራሳቸው ነበሩ፤ የተቃጠለውም ይጠነቁሉበት የነበረው መጽሐፍ ነው። ያን ታሪክ አንሥቶ በተረትና በልብ ወለድ ላይ መፍረድ አይገባም።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ስሕተት ሌላ ነው። ሰዎች መጻሕፍትን በሽፋናቸው «መንፈሳዊ» እና «ዓለማዊ» ብለው ይለያሉ፤ ሁለተኛውን ከቤታቸው ካስወጡ በኋላ ከራሳቸው ጋር ያለባቸው ሥራ ያለቀ ይመስላቸዋል። ልብ ወለድ ማንበብ ከተወ ዓመታት እንዳለፉት በደስታ የሚነግረኝ ሰው፣ ጥቂት ቆይቶ ያላየውን የጎረቤቱን ትዳር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርክልኛል። እንዲህ ያለው ወንድም ልብ ወለድ ማንበቡን ትቶ በሰው ስም ልብ ወለድ መድረስ ጀምሯል ማለት ነው። «መንፈሳዊ» የሚል ጽሑፍ በሽፋኑ ላይ የያዘ ሆኖ ሌላውን ለማዋረድ ብቻ የተዘጋጀ መጽሐፍም አይቻለሁ፤ አንባቢው ከዚያ ሲነሣ ምላሱ እንደ ሰይፍ ተስሎ ይነሣል፣ እርሱ ግን ሲጸልይ የዋለ ያህል ደስ ይለዋል።

ጌታችን «በልብ ሞልቶ ከተረፈው አፍ ይናገራልና» ብሏል (ማቴ. 12፥34)። መጽሐፍም፣ ወሬም፣ ዘፈንም፣ ፊልምም ልብን ከሚሞሉት መካከል ናቸውና የገባው ምን እንደ ሆነ ከአፍ ሲወጣ ይታወቃል። በአቴና የአረማውያንን ትምህርት የተማረው ቅዱስ ባስልዮስ ለወጣቶች ሲመክር የንብን ምሳሌ አንሥቷል፤ ንብ በአበባው ሁሉ ላይ እኩል አታርፍም፣ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ብቻ ወስዳ የቀረውን ትተዋለች። ይህ ምክር ግን ንብ ለሆነ ሰው ነው፤ የቀረበለትን ሁሉ ሳይመርጥ የሚውጥ አንባቢ ይህን ምሳሌ ለራሱ መሸሸጊያ እንዳያደርገው እፈራለሁ።

«ታሪኩ ዝሙትና ግድያ ካለበት ሁሉ ይቅር» የሚሉም አሉ። እነዚህ የዳዊትንና የቤርሳቤህን ታሪክ ረስተዋል። መጽሐፍ ቅዱስ የንጉሡን ዝሙት፣ የኦርዮንን ደምና የናታንን ተግሣጽ ሳይሸሽግ ጽፎልናል፤ ያን ያነበበ ሰው ግን «ማረኝ» ወደሚለው መዝሙር ይሄዳል እንጂ ኃጢአቱን አይመኝም። አንቺም አንድን ልብ ወለድ ስትዘጊ የበደለው ሰው አሳዝኖሽ፣ የተበደለውም አስጨንቆሽ ከሆነ፣ ያለ ፍርሃት አንብቢ። ሥጋን ለመቀስቀስ ተብሎ የተጻፈ፣ ከዘጋሽው በኋላም ሐሳብሽን የሚያውከው ግን ሳይጨርሱት ቢተዉት ነውር የለበትም፤ የሚያውክሽ ምን እንደ ሆነ ደግሞ ለንስሓ አባትሽ በግልጽ ብትነግሪ እኔ ከሩቅ ከምመክርሽ ይሻላል።

ወንድምሽን በተመለከተ ግን እንዲህ ለስለስ ብዬ ልናገርሽ አልችልም። መጽሐፈ ምሳሌ ባልንጀራውን አታልሎ «በጨዋታ አደረግሁት» የሚለውን ሰው ትንታግና ፍላጻ ሞትንም ከሚወረውር እብድ ጋር ያመሳስለዋል (26፥18-19)። ታናሽ ልጅ ከታላቅ እኅቱ አፍ የሰማውን ስም በቀላሉ አይረሳም፤ አንቺ ስቀሽ ስታልፊ እርሱ ይዞት ያድራል። ሐዋርያው ያዕቆብም ከአንድ አፍ በረከትና መርገም ሊወጣ እንደማይገባ ሲያስተምር፣ የሚረገመው ሰው በእግዚአብሔር ምሳሌ የተፈጠረ መሆኑን ያስታውሰናል (3፥9-10)። ቃላቱን ከመጽሐፍ ለቀምሻቸው እንጂ ወንድምሽ ላይ የወረወርሻቸው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ መጻሕፍቱን ብታቃጥያቸው እንኳ ይህ ዕዳ አይከፈልም። ዛሬውኑ ለብቻው ጠርተሽ ይቅርታ ጠይቂው፣ በስሙም ጥሪው። መጻሕፍቱ ለጊዜው ባሉበት ይቆዩ።