ወርች ለከሰል ጥብስ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምኖረው። ሽንጥ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ወርች ገዝቼ ከሰል ላይ ስጠብስ ደግሞ አልታኘክ ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እታለም፣ ወርችን አትናቂው። ከብቱ ሲሄድ ሲቆም የሚሠራበት ጡንቻ ስለሆነ ይጠነክራል፣ ጣዕሙ ግን ከሽንጥ አያንስም፤ እኔ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ። ዋናው አቆራረጡ ነው። ሥጋውን ልብ ብለሽ እዪው፤ ክሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝተዋል፣ ቢላዋሽ እነሱን አቋርጦ በስሱ ይቁረጥ፣ በክሩ ርዝመት ከሄድሽ ግን የትኛውም ቅመም አያድነውም። ጅማቱንም አውጪ።

ለ1 ኪሎ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጨውና 2 ማንኪያ ዘይት ለውሰሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። ሎሚ አታሳድሪበት፣ ላዩን ያላሽቀዋል፤ ሲበላ ይጨመቅበት። አዋዜውንም ሊወርድ ሲል ቀቢው፣ በርበሬ ፍም ላይ ቶሎ አርሮ ይመራል። ከሰሉ ነጭ አመድ ሳይለብስ ሥጋ እንዳታሳርፊ። ደግሞ አደራ፣ ማንደጃውን ደጅ አውጪው፤ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል።

ፍሪንባ ካገኘሽ ግን ለወጥ ተዪው።