«ጋሼ፣ ልጆቼን በምን ላድርሳቸው?» የአባቶች የትራንስፖርት ጥያቄና መልስ

አሥራ አራት ዓመት ታክሲ ላይ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ረዳት ነበርኩ፣ ኋላ ሹፌር ሆንኩ። አሁን ጠዋትና ማታ የተማሪ ሰርቪስ እነዳለሁ። ቤቴ አብነት ነው፣ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። «አዲስ አበባ መሀል ከተማ ላይ ልጅ ይዞ በአነስተኛ ወጪ ስለመንቀሳቀስ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ታሪፍ በየጊዜው ስለሚቀያየር የዛሬን ዋጋ እየጠቀስኩ አላደክማችሁም። ዛሬ የምነግራችሁ ብር ነገ ከረዳቱ ጋር ያጣላችኋል።

ከካዛንቺስ ተነስተን ገላን ጉራ ገባን። ሁለቱ ልጆቼ ግን አሁንም እዚያው ካዛንቺስ አጠገብ ይማራሉ። አንዱ 2ኛ፣ አንዷ 5ኛ ክፍል ናቸው። ደመወዜ መንገድ ላይ እያለቀ ነው። ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። እንዳንተ ዓይነት ጥያቄ ዘጠኝ ደርሶኛል።

ለጊዜው በባቡር ሞክር። ከሰፈርህ እስከ ቃሊቲ በታክሲ፣ ከቃሊቲ እስከ ስታዲየም በባቡር፣ ከዚያ በእስጢፋኖስ በኩል በእግር። ቃሊቲ የባቡሩ መነሻ ስለሆነ ለልጆቹ ወንበር ይገኛል። ሳሪስ ላይ ልሳፈር ብትል ግን ወንበሩን እርሳው። ከልጅ ጋር ስትሄድ ዋናው ቁጠባ ይሄ ነው፦ መንገዱን ቆራርጠህ፣ ረጅሙን ክፍል በርካሹ፣ አጭሩን በእግርህ መሄድ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ታክሲ የሚይዝ አባት ሁሌም ብዙ ይከፍላል።

ለዓመቱ ግን ሰርቪስ ይሻላል። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሰርቪስ ከያዘ ይከስራል። አምስት ስድስት ቤተሰብ ሆናችሁ፣ ያውም ከአንድ ሰፈር ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሹፌሩን አንድ ላይ አናግሩት። ነሐሴ ላይ አናግሩት፤ መስከረም ሲጠባ ዋጋ የሚቆርጠው እሱ ነው።

ስትነጋገሩ ከዋጋው በፊት እነዚህን ጠይቁት። መኪናው ሲበላሽ ማን ይተካል? ትምህርት ሲዘጋ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም? ልጆቹን ከበር የሚቀበል ረዳት አለ? አንድ ወንበር ላይ ስንት ልጅ ይቀመጣል? የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትረሳት። ድሮ ተቀጥሬ የምነዳለት አንድ ባለመኪና በአንዲት ሚኒባስ 19 ልጅ ያስጭነኝ ነበር። ቦርሳው ሁሉ ጋቢና ላይ ይከመራል። አንድ ቀን ሳር ቤት ጋ ፍሬን ስይዝ ቦርሳው ሁሉ እግሬ ሥር ወረደ፣ ፔዳሉን በምሳ ዕቃ መሀል ፈለግሁት። በሳምንቱ ሥራውን ለቀቅሁ። ርካሽ ሰርቪስ ሲያጋጥምህ «ለምን ረከሰ?» በል።

አንድ ነገር ደግሞ ላንሳ፣ ቅር እንዳይልህ። አዲሱ ሰፈርህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ካለ ልጆቹን ማዛወሩን ከባለቤትህ ጋር ተማከሩበት። የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ ፕሮግራም አላቸው፤ ምሳ ቋጥሮ መሄድም ይቀራል። የድሮ ሰፈር ፍቅር ይገባኛል፣ ግን የ2ኛ ክፍሉ ልጅ በየቀኑ ሌሊት ይነሳል።

አያት ነው የምኖረው፣ ሜክሲኮ ጥበቃ ነኝ። ጠዋት ልጄን ቦሌ ክፍለ ከተማ አድርሼ እገባለሁ። ታክሲዎቹ መንገዱን እየቆረጡ ሁለት ጊዜ ያስከፍሉኛል።

ቆርጦ መጫን ማለት፣ ለማታውቁት፣ ረዳቱ መገናኛ ላይ «ካዛንቺስ ብቻ! ካዛንቺስ ብቻ!» ይልና ካዛንቺስ ላይ ያንኑ መኪና «ሜክሲኮ!» እያለ እንደ አዲስ ይጭናል። እኔም ሠርቼዋለሁ፣ አልዋሽም። የሚሠራው ደግሞ ሰልፉ ረጅም ሲሆን ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ሰልፉ ሳይረዝም መውጣት ነው። 12 ሰዓት ተኩል ላይ የወጣና 1 ሰዓት ከሩብ ላይ የወጣ ሰው አንድ ከተማ ውስጥ አይኖሩም።

አንተ ግን ለምን ታክሲ? ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው የባቡር መስመር ሜክሲኮን አቋርጦ ያልፋል። ባቡሩ መስከረም 2008 ሲጀምር ታሪፉ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ያ ዋጋ ታሪክ ሆኗል፤ አሁንም ግን ለእንዳንተ ዓይነቱ ረጅም መንገድ ከታክሲ ይቀላል። ችግሩ መጠበቁና መጨናነቁ ነው። ልጅህን መንገድ ላይ የምታደርስ ከሆነ የሚወርድበትን ፌርማታ አስቀድመህ እይ፣ በር አጠገብ ቁም፣ ከፌርማታው በፊት ተዘጋጅ። መሀል ላይ ተወሽቀህ «ወራጅ አለ!» ብትል ባቡር እንደ ታክሲ አይሰማህም።

አውቶቡስም አትናቅ። አንበሳ ለረጅም መንገድ ከታክሲ ይረክሳል። ለአጭር መንገድ ግን ሰዓት ይበላብሃል።

ጭን ላይ የተቀመጠ ልጅ ይከፈልበታል?

በልማድ አይከፈልበትም። ወንበር ከያዘ ግን ይከፈልበታል። ረዳቱ ሳይጨቃጨቅህ በፊት አንተ ስትገባ ወስን፦ ወይ አቅፈው፣ ወይ ክፈልለት። ዝርዝር ብር ደግሞ በእጅህ ይኑር። ልጅ አንቀላፍቶብህ፣ ቦርሳው ትከሻህ ላይ ሆኖ፣ መልስ ስትቀበል ነው ሰው የሚረሳው።

ባለቤቴ ወሯ ደርሷል። ቤታችን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው፣ መኪና የለንም። ሌሊት ቢመጣባት በምን ልውሰዳት?

መጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ!

ቁጥሮቹን ዛሬውኑ ስልክህ ላይ መዝግብ፣ ወረቀት ላይም ጽፈህ በሩ ላይ ለጥፍ። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። 939 የእሳትና አደጋ ነው፣ እነሱም አምቡላንስ አላቸው። ስትደውል በመጀመሪያ ሰፈርህን፣ ቀጥሎ የሚታወቅ ምልክት ተናገር። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» ማለት ከቤት ቁጥር ይበልጣል። አንድ ጎረቤት አስፋልት ላይ ወጥቶ ባትሪ እያበራ ይጠብቅ። አምቡላንስ የሚጠፋው ዋና መንገድ ላይ አይደለም፣ ቅያስ ውስጥ ነው።

አምቡላንስ ከዘገየ 8294 ወይም 6090 ደውል፤ የጥሪ ታክሲዎቹ ራይድና ፈረስ ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን በሰፈርህ መኪና ያለውን ሰው ካሁኑ አናግረው። «ሌሊት ብቀሰቅስህ ትነሳለህ?» ብለህ በግልጽ ጠይቀው። እኔ ሦስት እናቶችን ጋንዲ ሆስፒታል አድርሻለሁ፣ ሦስቱንም በነፃ። አንዷ መኪናዬ ውስጥ ልትወልድ ትንሽ ነበር የቀራት።

በመንግሥት ጤና ተቋም ወሊድ ራሱ በነፃ ነው፤ ያጠራቀምከውን ለመመለሻው ያዘው። አራስና ሕፃን ይዞ ሚኒባስ አይገባም፣ እዚያ ላይ አትቆጥብ። የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆንክ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አባት ሦስት ተከታታይ ቀን ደመወዝ ያለው ፈቃድ አለው። ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልፈዋል። ጠይቅ።

ሞተር ልግዛ?

መሀል ከተማ ላይ ሞተር ከ2011 ጀምሮ ያለ ፈቃድ አይንቀሳቀስም። ልጅ ጭኖ ደግሞ በፍጹም። ቀጣይ።

ከልጆቼ እናት ጋር ተለያይተናል። ልጆቹ አያት ሰፈር ናቸው፣ እኔ ልደታ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለማምጣትና ለመመለስ አራት ጉዞ ይሆንብኛል። አንዳንድ ሳምንት ብር ስለሌለኝ ብቻ እቀራለሁ።

ይሄን ጥያቄ ሳነብ ትንሽ ዝም አልኩ።

አንደኛ፣ አያትና ልደታ በአንድ የባቡር መስመር ላይ ናቸው፣ መቀየር የለም። ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባቡሩ እንደ ሥራ ቀን አይጨናነቅም። ሦስተኛውን ካላስቀየምኩህ ልንገርህ። እናትየውን መሀል መንገድ ላይ እንገናኝ በላት። መገናኛ ወይም ጉርድ ሾላ። እሷ ታደርሳለች፣ አንተ ትቀበላለህ፣ ማታ ደግሞ እንደዚያው። ጉዞህ በግማሽ ያጥራል። ከእሷ ጋር መነጋገሩ ከበደህ እንደሆነ ሽማግሌ ወይም እህቷ በመሀል ትግባ።

ደግሞ ሁሌ ወደ ቤትህ ማምጣት የለብህም። አንተ ሂድ። እዚያው ሰፈራቸው ሜዳ ላይ ኳስ ተጫወቱ፣ ሻይ በዳቦ ብሉ። የአንድ ሰው ደርሶ መልስ ብቻ ነው የሚፈጅህ። ልጆች ባቡሩን አይቆጥሩም፣ ቅዳሜውን ነው የሚቆጥሩት። ደርሶብኝ ነው የማወራው።

ጋሼ፣ እኔ አባት አይደለሁም፣ ሴት ልጅ ነኝ። አባቴ 71 ዓመቱ ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ዳያሊሲስ አለው። ከአራት ኪሎ ዘውዲቱ ድረስ አመላልሰዋለሁ። ከሕክምናው በኋላ እግሩ አይጸናም።

ልጄ፣ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥሽ።

ሲሄድ ታክሲ ይሆናል፣ ሲመለስ ግን አይሆንም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ዓይነት አታስቢው። ስትሄዱ አራት ኪሎ ከተራው ተነሱና ጋቢና አስቀምጪው፤ ከኋላ ጎንበስ ብሎ መግባት ለሽማግሌ ከባድ ነው። ረዳቶቻችን ብዙ ይወራባቸዋል እንጂ «አባባን ጋቢና አስገባልኝ» ካልሽው የተቀመጠውን ወጣት ያስነሳልሻል።

ለመልሱ አንድ የላዳ ሹፌር በወር ተነጋገሪ። በቀን ከመክፈል ይልቅ «በሳምንት ሦስት ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ከዘውዲቱ በር» ካልሽው ቋሚ ሥራ ስለሚሆንለት ይቀንስልሻል። ላዳዎች ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉበት ጊዜ አለ፤ ቋሚ ደንበኛ ያስደስታቸዋል። ከተቻለ እዚያው ዳያሊሲስ የሚያደርግ ወደ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ የሚመለስ ሌላ ታካሚ ፈልጊና ተካፈሉ። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ጠይቂ፣ አይጠፋም።

በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። የአምስት ዓመት ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ከአራት ኪሎ ወደ ቦሌ መንገድ ባደርሰውስ?

ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ነዳጅ የለ፣ ረዳት የለ። ሁለት ነገር ግን አለ። የልጁ ወንበር በትክክል የታሰረ፣ ቀበቶ ያለው ይሁን፤ በገመድ የታሰረ ትራስ አየሁ፣ ልቤ ቆመ። ለሁለታችሁም ሄልሜት። ሌላው ዳገቱ ነው። ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ ስትንሸራተት ደስ ይላል። ማታ 18 ኪሎ ልጅና አንድ ቦርሳ ይዘህ ያንኑ ስትወጣ ነው የሚገባህ። መግፋትም ነውር አይደለም። መንገዱ የሚቋረጥበት ማቋረጫ ላይ ውረድና ግፋው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ተወው።

እርዳታ የሚሰጥ አካል የለም? ለትራንስፖርት ብቻ።

ለትራንስፖርት ብቻ ብለህ ከፈለግህ ጥቂት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንክ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በነፃ ያመላልስሃል፤ መታወቂያህን ይዘህ መስመሩንና ሰዓቱን ከመሥሪያ ቤትህ አጣራ። ይሄ ብቻ በወር ስንት እንደሚያተርፍልህ ደምረው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆንክ የትራንስፖርት አበል በውልህ ላይ እንዳለ እይ፤ ከሌለ በሚቀጥለው የደመወዝ ንግግር አንሳው። ብቻህን አትግባ፣ ልጅ ያላቸውን ባልደረቦችህን ይዘህ ግባ።

ኑሮ ከከበደ ወረዳህ ሄደህ ስለ ከተማ ሴፍቲኔት ጠይቅ። ለታክሲ ብለው አይሰጡህም፣ ግን ቤት ውስጥ የሚገባ ብር መንገዱንም ያግዛል።

እኛ አብነት ላይ የምናደርገውን ደግሞ ልንገርህ። ስምንት አባቶች እቁብ አለን። በየሳምንቱ እንጥላለን፣ የወጣለት የልጆቹን ሰርቪስ የሦስት ወር በአንዴ ይከፍላል። የሦስት ወር ቅድሚያ የሚከፍል ሰው የመደራደር አቅም አለው፤ ሹፌሩ እኔ ራሴ ስለሆንኩ በደንብ አውቃለሁ። እነሱ ተደራደሩብኝ፣ እኔም ቀነስኩላቸው። ሚስቴ አሁንም «በራስህ ላይ እቁብ የጣልክ ሰው» እያለች ትስቅብኛለች።

ትንሿ ልጄ ታክሲ ውስጥ ያቅለሸልሻታል። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ያስመልሳታል። ከሰው ጋር ተጣላሁ።

ቁርስ ከልክላችሁ አታውጧት፣ ግን ዘይት የበዛበት ነገርና ወተት ጠዋት አይሁን። ደረቅ ዳቦ ይሻላል። መስኮት አጠገብ አስቀምጣት፣ ስልክ አትስጣት፣ ወደ ፊት ወደ ሩቅ ትይ። የኋላው ወንበር ላይ በፍጹም አትቀመጡ፤ ሹፌር የሆንኩት እኔም እዚያ ያቅለሸልሸኛል። የሎሚ ቁራጭ ይዛ ብታሸት ይረዳል።

ለማንኛውም ውኃ የማያፈስ ከረጢት በኪስህ ይኑር። ሁለት ያዝ። አንዱ ለመመለሻ።