«ጨጓራ ነው» ብዬ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ሴት ስሆን በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት የወረዳ ከተማ አስተምራለሁ። ቀን ቀን ሰው ፊት እንደማንኛውም ሰው፣ ምናልባትም ከሌላው አነስ አድርጌ እበላለሁ። ማታ ግን የተከራየሁትን ክፍል በር ከዘጋሁ በኋላ መሶቡ ውስጥ ያለውን እንጀራ፣ ለነገ ያስቀመጥኩትን ሽሮ፣ ቆሎውን ሳይቀር፣ ቆሜ፣ ጣዕሙ ሳይሰማኝ እጨርሰዋለሁ፤ ከዚያም ሆን ብዬ አስመልሰዋለሁ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን እንዲህ እሆናለሁ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ወፍራምም ከሲታም ስላልሆንኩ ማንም አላወቀብኝም። ሦስት ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሄጄ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ጨጓራ ነው መሰለኝ» ብዬ የጨጓራ መድኃኒት ይዤ ተመልሻለሁ። እውነቱን እንዳልናገር በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል የምትሠራው የአከራዬ ልጅ ናት። እናቴ ብትሰማ ደግሞ «ስንቱ በሚራብበት አገር እህል መድፋት ግፍ ነው» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ እኔም የማስበው እንደዚያው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ሐኪም ሊያውቀው የሚገባው ነገር ሁሉ አለ፤ የጎደለው ለሐኪም አለመድረሱ ብቻ ነው። ደብዳቤ አንብቦ ሕመም መወሰን አይቻልም። ሆኖም ራስን መግታት እስኪያቅት ድረስ አብዝቶ መብላትና ከዚያ በኋላ ሆን ብሎ ማስመለስ በየሳምንቱ እየተደጋገመ ለወራት ሲዘልቅ፣ በሕክምናው ዓለም ቡሊሚያ ነርቮሳ የሚባል የታወቀ ሕመም ነው። በአማርኛችን ለዚህ ሕመም የቆየ መጠሪያ የለንም። ስም ያልወጣለትን ነገር ሐኪም ፊት ማንሣት ስለሚጨንቅ፣ ሰው ወደሚያውቀውና ወደማያሳፍረው ወደ ጨጓራ ይሸሻል። አንቺም ፈጽመሽ ዋሽተሻል ማለት አይቻልም፤ ደጋግሞ የሚያስመልስ ሰው ደረቱና ጉሮሮው በእርግጥ በአሲድ ይቃጠላል፣ መድኃኒቱም ለጥቂት ቀን ያስታግሰዋል። ማስታገሱ ነው ዋናውን ሕመም ሁለት ዓመት ሸፍኖ ያቆየው።

«ወፍራምም ከሲታም ስላልሆንኩ» ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎች ከሕክምና የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነውና። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው የሚታወቀው በመክሳቱ ነው፤ ያልከሳ ሰው «አመመኝ» ሲል ራሱን እንኳ አያምነውም። ይህ ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ክብደታቸው እንደማንኛውም ሰው በሆኑ ሰዎች ላይ ነው። ጉዳቱ ያለው ከውጭ በማይታይበት ቦታ ነው፤ ከሚወጣው ፈሳሽ ጋር ሰውነት ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ያጣል፣ ፖታሲየም ሲያንስ ደግሞ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምትም ይዛባል። የጥርስ ሽፋንም በአሲዱ እየተበላ ይሄዳል። ልብሽ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ ራስሽን ከሳትሽ፣ እጅ እግርሽ ከዛለ ወይም ደም ካስመለሰሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ስለ እህል ያነሣሽው ሐሳብ ልብን ይነካል። ጤፍ ከእርሻ እስከ ምጣድ ስንት ሰው እንደሚደክምበት እያየሽ ያደግሽ ልጅ በመሆንሽ ይህ ሐሳብ ቢያሳፍርሽ አይገርምም። ይሁንና ኀፍረቱ ሕመሙን ሲያቆመው አላየሽም፤ በማግስቱ «ዛሬ ምንም አልበላም» ያሰኝሻል፣ ቀኑን ሙሉ የተራበው ሰውነት ደግሞ ማታ ከመሶቡ ፊት መልሶ ያቆምሻል። በጥጋብ የሚደረግ ቢሆን ኖሮ በር ተዘግቶ፣ ቆሞ፣ ጣዕሙ ሳይሰማ አይበላም ነበር።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው በር እንሂድ። ካርድ ክፍል የሚጠይቁሽ ስምና ዕድሜ ነው፤ ምን እንደሚያምሽ ለካርድ ሠራተኛ የማስረዳት ግዴታ የለብሽም፤ «ድካምና የልብ ምት» ብለሽ ማለፍ ትችያለሽ። የሕክምና ባለሙያ በበኩሉ ምስጢርሽን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለበት። ይህም ሆኖ የአከራይሽን ልጅ ዓይን መሸሽሽን አልነቅፍም፤ ደብረ ማርቆስ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ብትሄጂ ማንም አያውቅሽም፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍልም አላቸው። መንገድ ተዘግቶ መጓዝ ካልተቻለሽ ግን ምቹ ቀን እስኪመጣ አትጠብቂ፤ በአቅራቢያሽ ባለው ሆስፒታል የፖታሲየምና የልብ ምርመራ አስደርጊና የሪፈር ወረቀት ጠይቂ።

ሐኪሙ ፊት ስትቀመጪ «ጨጓራ» የሚለው ቃል ቀድሞ ሊወጣብሽ ይችላል። እንዳይሆን ከፈራሽ «ማታ ማታ ራሴን መግታት አቅቶኝ እበላለሁ፣ ከዚያም ሆን ብዬ አስመልሳለሁ፣ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው» የሚለውን ብቻ ተናገሪ። አፍሽ ካልደፈረ ለእኛ የጻፍሽውን ደብዳቤ በወረቀት ገልብጠሽ አቀብዪው። የመጀመሪያው ባለሙያ ይህን ሕመም ብዙ ጊዜ አላየው ይሆናል፤ ቢያቃልልብሽ እንኳ «ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ላኩኝ» በይ። እዚያ የምታገኚያቸው እንቅልፍ ያጡ፣ ሐዘን የጠናባቸው፣ ጭንቀት ያስቸገራቸው ተማሪዎች፣ ነጋዴዎችና እናቶች ናቸው፤ እዚያ ደጅ መቀመጥ ሰውን እብድ አያሰኝም።

ሕክምናው በዋናነት ንግግር ነው። ለዚህ ሕመም የተዘጋጀው የሐሳብና የባሕርይ ሕክምና ብዙ ጊዜ ሃያ ያህል ቀጠሮዎች አሉት፤ እንደ አስፈላጊነቱ ፍሉኦክሲቲን የተባለ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አንዱ ምግብን ቀኑን ሙሉ በየሦስት አራት ሰዓቱ ከፋፍሎ መብላት ነው፤ ረጅም ረኀብ የማታውን ይጠራዋልና። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ጉዳዩ እዚህ ላይ ይነካሻል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም፤ ለነፍስ አባትሽ መታመምሽን ነግረሽ ፈቃዳቸውን ጠይቂ። ጠበል የምትሄጂ ከሆነም ሂጂ፤ ሐኪም ያዘዘውን ግን አታቋርጪ፣ በባዶ ሆድ ብዙ ጠጥቶ ማስመለስም ለአንቺ ሰውነት አደጋ እንዳለው ለአጥማቂዎቹ ንገሪያቸው።

ለእናትሽ መንገሩ ይቆይ። አስቀድመሽ አንድ ሰው ምረጪ፤ ከሥራ ባልደረቦችሽ መካከል የቀጠሮሽን ቀን አብራሽ የምትጓዝ አንዲት እኅት በቂ ናት።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም አካባቢ የምኖር ገበሬ ነኝ። የ16 ዓመት ልጄ ዐቢይ ጾምን በብርታት ጾመች፤ ጎረቤቱም አመሰገናት። ፋሲካ ሲደርስ ግን ዶሮውን እሷው ሠርታ፣ ለእኛ አቅርባ፣ ራሷ አልፈሰከችም። ከዚያ ወዲህ የምትቀምሰው በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ጥቂት ነው። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ትለብሳለች፣ እናቷ እንደነገረችኝ የወር አበባዋም ቀርቷል። ሰው «መናኝ ልትሆን ነው» ይላል። ምስጋና ነው ወይስ ሕመም?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ጾም መፍሰኪያ አለው። ፋሲካን ያዩበት ዓይን ትክክል ነው፤ ለሌላው አብስሎ ራሱ መቅመስ ያልቻለ፣ በፀሐይ የሚበርደው፣ የወር አበባዋም የቆመባት ልጅ ሐኪም ያስፈልጋታል። አኖሬክሲያ የሚባለው ምግብን የማራቅ ሕመም እንዲህ ሊጀምር ይችላል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ በምስጋና ስለሚሸፈን ቤተሰብ ዘግይቶ ይነቃል።

እልኸኛ ሆና እንዳይመስልዎ። በአሜሪካ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1944 እና በ1945 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) 36 ጤነኛ ወንዶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል ምግብ ተቀንሶላቸው ነበር፤ ሐሳባቸው ሁሉ በምግብ ተያዘ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት የሚሰበስቡም ነበሩባቸው፣ ብርድ ይሰማቸው ነበር፣ ከሰውም ራቁ። ረኀብ በራሱ አእምሮን እንዲህ ይለውጣል፤ ስለዚህ ልጅዎን በምክር ብቻ መመለስ ይከብዳል።

ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። «አፈር ስሆን፣ በሞቴ» እያሉ በአንድ ማዕድ እንዲያጠግቧት ዘመድ አይሰብስቡባት፤ ለብዙ ጊዜ የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ሲበላ የደም ማዕድናት ተዛብተው ሕይወትን እስከማሳጣት ስለሚደርስ፣ አመጋገቧን ሐኪም እየተከታተለ ቀስ በቀስ ነው የሚጨምረው። ሁለተኛው፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ክብደቷን፣ የደም ግፊቷንና የልብ ምቷን ይለኩላት፣ ሪፈር ሲጻፍ መድኑ በሆስፒታልም ያገለግላል። ለእሷ «ጾምሽን ልነጥቅሽ አይደለም፣ የበረደሽ ነገር አስጨንቆኝ ነው» ይበሏት፤ ከተቻለም ይህንኑ ነፍስ አባቷ ይድገሙላት። በዚህ ዕድሜ ወላጆች ከሐኪም ጋር ሆነው የልጃቸውን ማዕድ ለጊዜው በኃላፊነት የሚይዙበት የቤተሰብ ሕክምና ጥሩ ውጤት ያለው ነውና፣ እርስዎና እናቷ ሁለታችሁም አብራችኋት ግቡ። ራሷን ከሳተች ወይም ተነሥታ መቆም ካቃታት ግን ጤና ጣቢያውን ዘልለው በቀጥታ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይውሰዷት።