ለጨለማ አዳራሽ፣ መብራቱን ከካሜራው ላይ አውርደው

ወንድሜ፣ «የማታ ሰርግ ላይ ዲጄው መብራት ሲቀንስ የቪዲዮዬ ምስል በኖይዝ (በሚርመሰመሱ ነጠብጣቦች) ይሞላል፤ ካሜራ ልቀይር ወይስ ካሜራው ላይ የሚሰካ ትልቅ ኤልኢዲ ልግዛ?» ላልከው፣ ሁለቱም ይቅርብህ። ለካሜራው ባሰብከው ብር ሁለት መካከለኛ ኤልኢዲ፣ ረጃጅም ስታንድና ባትሪ ግዛ።

ካሜራ ላይ የሚሰካ መብራት ጣጣው ርቀት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ጭፈራው መሃል ስትገባ አንድ ሜትር ላይ ያለችው ሚዜ ፊቷ ነጭ ይሆናል፤ ሁለት ሜትር ላይ ያለችው ሙሽራ ሩቡን ብቻ ታገኛለች። ከኋላ እስክስታ የሚወርዱት ዘመዶችማ ጭራሽ የሉም። የምታለቅስ እናት ፊት ላይ ያንን መብራት መደገን ደግሞ፣ ለእኔ ነውር ነው።

ስለዚህ መብራቶቹን በመጨፈሪያው ሁለት ማዕዘን፣ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ስቀላቸው። ከሙሽሮቹ ኋላ ያለው ጸጉርና ትከሻቸው ላይ ቀጭን ብርሃን ያሳርፋል፤ ከጨለማው ይለያቸዋል። የፊተኛውን ወደ ነጭ ጣሪያ አዙረው፤ ተመልሶ ሲወርድ ለስላሳ ነው። ድንኳን ከሆነ ግን ተጠንቀቅ፤ ሸራው ቢጫ ከሆነ የሙሽራዋ ፊትም ቢጫ ነው የሚሆነው። እዚያ ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) አልብሰህ በቀጥታ አብራ። ስታንዱ እግር ላይ የአሸዋ ከረጢት አትርሳ፣ ልጆች ይሮጣሉ።

ሌንስህ ኪቱ (ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው) ከሆነ ከካሜራው በፊት እሱን ቀይር። ዙም ስታደርግ የብርሃን መግቢያ ቀዳዳው 5.6 ላይ ይቆማል (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ ባለ 1.8ቱ 50 ሚሊሜትር ወደ አስር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አይኤስኦም (ካሜራው ምስሉን የሚያደምቅበትን ቁጥር) ከፍ ማድረግ አትፍራ። ጨልሞ ተቀርጾ ኤዲቲንግ ላይ የተነሳ ምስል፣ 3200 ላይ በልኩ ከተቀረጸው የባሰ ነው።

ካሜራህ ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ነው? እንግዲያው ሜኑውን እየው፤ ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካ የቪዲዮ ስርዓት) ላይ ሊሆን ይችላል። የእኛ ኮረንቲ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ነው፣ የእነሱ 60። በ1/60 ሰከንድ የሻተር ፍጥነት ስትቀርጽ አንዳንድ የአዳራሽ መብራቶች ምስሉ ላይ የሚንሸራተት መስመር ያመጣሉ። ወደ ፓል (ለ50 ኸርዝ አገሮች የሚሆነው ስርዓት) ቀይረህ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ በሻተር 1/50 ተጠቀም። ለስሎው ሞሽን 50 ፍሬም፣ 1/100። ዋሽንግተን ዲሲ የምትቀርጹ 1/60 ላይ ቆዩ።

ዲጄውን ሰርጉ ሳይጀመር አናግረው። ሙሽሮቹ ብቻቸውን ሲጨፍሩ ወይንጠጁን መብራት ከፊታቸው ላይ እንዲያነሳልህ ለምነው፤ ያ ቀለም በኋላ አይስተካከልም። ሌዘር ካለው ደግሞ ጨረሩ በቀጥታ ሌንስህ ውስጥ እንዳይገባ፤ ሴንሰር ያቃጥላል።